ላም የያዘ መስመር

ወደ ተረቱ ከመግባቴ በፊት ጥፋቴን ልናገር። ዛሬ አርባ አራት ዓመቴ ነው። በሠላሳ አራት ዓመቴ፣ የሸንቆ አገር ካርታ ሠሪ ሳለሁ፣ የድንበራችንን መስመር ግማሽ ጣት ያህል ገፋሁት። የገዢያችን የአዛዥ ጉልላት ፈረሶች ሣር አንሷቸው ነበር። "ግማሽ ጣት ቀለም ናት እኮ፣ እመቤት" አለኝ በሰው ፊት። ፈርቼ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እመቤት ስላለኝ ደስ ብሎኝ ነው።

በወረቀት ግማሽ ጣት የሆነው በመሬት አንድ ሙሉ ሜዳ ነው። ሜዳው የጎረቤታችን የገደሮ ነበር። ወታደሮቻችን ሲያጥሩት አንዲት ላም ውስጥ ቀረች። ላሟ የእትዬ ትርንጎ ናት፤ ገደሮ ውስጥ እናት የሞተችባትን የልጅ ልጇን በዚያች ላም ወተት የምታሳድግ ባልቴት። ሌላ ላም የላትም።

እትዬ ትርንጎ አጥሩ ላይ የቆመውን ዘበኛ "ልጄ፣ ላሜን ስጠኝ" አለችው።

"አልሰጥዎትም፣ እማማ። ሜዳው ከተከፈተ ምንጩ ላይ ያለው ሃምሳ አለቃ ይገርፈኛል።"

"እንግዲያው በሕግ አምላክ።"

በእኛ በኩል በሕግ አምላክ የተባለ ሰው ይቆማል። የኩታው ጫፍ ከከሳሹ ነጠላ ጋር ይቋጠርና ፍርድ እስኪገኝ አብረው ይሄዳሉ። ቋጠሮውን በጉልበት የፈታን ሰው ከዚያ ወዲያ ውሃ የሚያቀብለው የለም። ዘበኛው አጉረመረመና ኩታውን ዘረጋ።

ላሟን ሜዳው ያዛት፣ ሜዳውን ምንጩ ያዘው፤ ሁለቱ ተቋጥረው ወደ ምንጩ ወረዱ።

"ምንጩን ልቀቅ፣ ልጄ። ምንጩ ሜዳውን ይልቀቅ፣ ሜዳው ላሜን ይልቀቅ።"

"አለቅም" አለ ሃምሳ አለቃው። "ፈረስ ሣር በልቶ ውሃ ሊጠማው ነው? ለሜዳው ብለን ነው ምንጩን የያዝነው። አሁን ደግሞ ከኮረብታው ይተኩሱብናል። መጀመሪያ እነሱ ይውረዱ።"

"በሕግ አምላክ።"

ላሟን ሜዳው ያዛት፣ ሜዳውን ምንጩ ያዘው፣ ምንጩን ኮረብታው ያዘው፤ ሦስቱ ተቋጥረው ሽቅብ ወጡ። ከኮረብታው የሚተኩሱት የገደሮ ሰዎች፣ የራሷ ሰዎች ነበሩ። አለቃቸው ልሳኑ የክርስትና ልጇ ነው።

"ከጠላት ጋር ተቋጥረሽ መጣሽ?" አላት።

"ላሜን ፍለጋ።"

"እኛ እኮ የምንዋጋው ለላምሽ ነው።"

"እንግዲያውስ የታለች?"

ልሳኑ ወደ ኋላው ዞር አለ። ኋላው አሥራ አንድ አዲስ መቃብር ነበር። "አልወርድም" አለ ቀስ ብሎ። "አጋሮቻችን ሙጫቶች ለእኛ ብለው ድልድዩ ላይ እየሞቱ ነው። ጥያቸው ልሂድ?"

"ላሜን ሜዳው ያዛት፣ ሜዳውን ምንጩ ያዘው፣ ምንጩን ኮረብታው ያዘው፣ ኮረብታውን ድልድዩ ያዘው። በሕግ አምላክ፣ አንተም ና።"

በመንገድ ሃምሳ አለቃው ከልሳኑ ጋር ጎን ለጎን ተቋጥሮ ነበር። "ትናንት ባርኔጣዬን የበሳኸው አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ።"

"ዓይንህ ጥሩ ነው።"

"ጭንቅላትህን ነበር የፈለግሁት።"

"እንግዲያውስ ዓይንህ ጥሩ አይደለም።"

ድልድዩ ላይ ያገኙት የሙጫት ሰው ገና ሳትጠይቀው መለሰላት። "ለገደሮ ስለማልን መጣን፣ እማማ። ዞር እንዳንል መልካው ላይ የሸንቆ አጋሮች አውጣዎች አነጣጥረውብናል።" ኩታውን ራሱ ቋጠረ።

ላሟን ሜዳው ያዛት፣ ሜዳውን ምንጩ ያዘው፣ ምንጩን ኮረብታው ያዘው፣ ኮረብታውን ድልድዩ ያዘው፣ ድልድዩን መልካው ያዘው፤ አምስቱ ተቋጥረው መልካው ጋ ደረሱ። የአውጣ ሰው እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ ተቀምጧል።

"ለምን ትዋጋለህ፣ ልጄ?"

"ለምን እንደሆነ የሚጠይቀኝ ሰው ስጠብቅ ነበር። የሸንቆን መሬት የነካ እኛን ነካ ብለን ለአዛዥ ጉልላት ምለናል። እሱ ከመሐላው ካልፈታን መልካውን አንለቅም።"

ስለዚህ ስድስቱ ጉልላት ግቢ ገቡ። እትዬ ትርንጎ ፊቱ ቆመች። "ላሜን ሜዳው ያዛት፣ ሜዳውን ምንጩ ያዘው፣ ምንጩን ኮረብታው ያዘው፣ ኮረብታውን ድልድዩ ያዘው፣ ድልድዩን መልካው ያዘው፣ መልካውን እርስዎ ያዙት። በሕግ አምላክ።"

ይህን ቃል ለጉልላት ያለው ሰው ከስንት ዓመት ወዲህ አልነበረም። ጠባቂዎቹ መሬት መሬት አዩ። እሱ ግን ሳቀ። "አንቺ ሴትዮ፣ እኔ ማንን ያዝኩ? ሜዳው የእኔ ነው የሚለው ወረቀቱ ነው። ካርታ ሠሪዋ ትጠራ። እስከዚያ እኔም ልቋጠር፣ ምን ይጎዳኛል?" የካባውን ጫፍ በእጁ አቀበላት። ተማምኖብኝ ነው። መስመሩ ከጥንት የነበረ ነው ብዬ ከዚያ በፊት ሁለቴ ምዬለታለሁ።

ጠሩኝ፤ ሄድኩ። ነጠላዬን ከካባው ጋር ቋጠሩት። እትዬ ትርንጎ ሁሉንም ከላሟ ጀምራ ደገመችልኝ፤ ሜዳው፣ ምንጩ፣ ኮረብታው፣ ድልድዩ፣ መልካው፣ አዛዡ፣ ወረቀቱ። ከዚያ "አንቺንስ ማን ያዘሽ፣ ልጄ?" አለችኝ።

የማስቋጥረው ሰው በዓይኔ ፈለግሁ። ከእኔ ኋላ ግድግዳ ብቻ ነበር።

"የያዘኝ የለም" አልኩ። "መስመሩን የገፋሁት እኔ ነኝ። ሜዳው የገደሮ ነው።"

"አብዳለች" አለ ጉልላት። ማንም አልሰማውም። የአውጣው ሰው ኩታውን እየፈታ ነበር። "የማልነው ለመሬቱ ነበር። መሬቱ የእሱ ካልሆነ መሐላው የለም። ወደ ቤቴ ልሂድ።"

መልካው ድልድዩን ለቀቀ፣ ድልድዩ ኮረብታውን ለቀቀ፣ ኮረብታው ምንጩን ለቀቀ፣ ምንጩ ሜዳውን ለቀቀ፣ ሜዳው ላሟን ለቀቀ። እትዬ ትርንጎ የላሟን ጡት ዳሰሰች፤ ሙሉ ነው።

"ወተቷ እንዴት ሳይነጥፍ ቀረ?"

ዘበኛው ራሱን አከከ። "ጠዋትና ማታ አልባት ነበር፣ እማማ።"

"ወተቱስ?"

"እጠጣው ነበር።"

"ሌባ" አለችውና ላሟን ነድታ ሄደች። በዚያው ቀን ሕፃኗ ጠጣች።

እኔና ጉልላት ብቻ እንደ ተቋጠርን ቀረን፤ ሽማግሌዎች እስኪፈርዱብን ድረስ። ሥልጣኑን ወሰዱበት፣ ብዕሬን ወሰዱብኝ። ትክክል ነው።

ኮረብታው ላይ አሥራ አንድ፣ ድልድዩ ላይ ስድስት፣ መልካው ላይ አራት ሰው ተቀብሯል። እነሱ አልተመለሱም። ያን ቀን የተናገርኩትን በመጀመሪያው ቀን መናገር እችል ነበር፤ ከዚያ የረዘመ ቃል አልነበረም። ተረቴን መልሱ አልልም፣ ዳቦም አልጠይቅም። ይቅር በሉኝ።