የአቶ ባይለየኝ ማኅተም

አቶ ባይለየኝ ያገለገሉ መኪናዎች ነጋዴ ናቸው፤ «ያገለገለ» የሚለው ቃል ግን ከሰው አፍ ሲወጣ እንኳ ያማቸዋል። እሳቸው የሚሸጡት «የተመሰከረለት» ነው። በየመኪናው መስታወት ላይ ራሳቸው ጽፈው፣ ራሳቸው ፈርመው፣ ራሳቸው ማኅተም የመቱበት ምስክር ወረቀት ተለጥፏል።

አንድ ቀን አንድ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር የዕድሜ ልክ ጥሪቱን ይዞ ከግቢያቸው አንዲት ነጭ መኪና ሊገዛ መጣ።

«እንኳን ደስ አለዎት! አንዲት ዶክተር እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደርሳ የምትመለስባት መኪና ናት» አሉት አቶ ባይለየኝ፣ ውሉን እየገፉለት። ውሉ «አይቼ፣ ወድጄ ገዝቻለሁ» ይላል።

ሾፌሩ «መጀመሪያ ሞተሯን ላስነሳው» ቢላቸው ፊታቸው ተለዋወጠ። ገበያተኛው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብለው፣ «እዚህ ቤት መጀመሪያ ይፈረማል፣ ቁልፍ ከዚያ በኋላ ነው! ማኅተሜን የተጠራጠረ ሌባ ብሎ እንደ ሰደበኝ እቆጥረዋለሁ። በሉ፣ ሰው ፊት ይንገሩኝ፤ ወረቀቴን ያምኑታል ወይስ አያምኑትም?» አሉት።

ሾፌሩ ዞር ብሎ ነጯን መኪና አያት። ግቢው ሰፊ ሜዳ ሆኖ ሳለ እሷ ብቻ በሩ አጠገብ ካለው ቁልቁለት አናት ላይ፣ አፍንጫዋን ወደ ታች ደፍታ፣ ከጎማዋ ሥር ድንጋይ ተደርጎላት ቆማለች።

«እኔማ አምኜዋለሁ ጌታዬ» አላቸው። «ያላመኑት እርስዎ ነዎት። ቢያምኑትማ ኖሮ፣ ይህን የሚያህል ሜዳ እያለዎት፣ በግፊ ትነሳልኝ ብለው ቁልቁለት ላይ አያቆሟትም ነበር።»