ድምፅ አልቀበል ያለው ፍላሽ

ተረት ልንገራችሁ። አንበሳም ጦጣም የለበትም፤ ፍላሽ ነው ያለበት! "እሺ" በሉኛ።

መምህርት ባንቺአምላክ የአማርኛ አስተማሪ ናት። ለስድስት ዓይነ ስውር ተማሪዎቿ ትምህርቱን በድምፅ ቀዳች፤ ሰኞ ፈተና አለባቸው። ወደ ፍላሽ ልትገለብጠው ስትል፣ ቫይረስ የበላው ፍላሽ "ካልተጠረግኩ አልቀበልም!" አላት። ወይ ጣጣ!

"ኮምፒውተር ሆይ፣ ፍላሹን ጥረግልኝ።"

"በምን ልጥረገው?" አለ ኮምፒውተሩ። የሚሠራው በጎ ፈቃደኞች በጋራ በሚጽፉት፣ ማንም በነጻ በሚወስደው ሲስተም ነው፤ ዲስክ የሚጠርገው ፕሮግራም ግን ገና ከጸሐፊዎቹ አንዱ በሆነው በዳምጠው እጅ ላይ ነበር።

ሄደች ወደ ዳምጠው። "ፕሮግራሙን ልቀቅልኝ፤ ኮምፒውተሩ አልጠርግም አለ፣ ፍላሹ አልቀበልም አለ፣ ልጆቼ ፈተና አለባቸው!"

"ሳይሞከር አልለቅም" አለ። "ባለፈው የራሴን ዲስክ ጠርጌ የሦስት ወር ሥራዬ ድራሹ ጠፍቷል። ሞካሪዋ ያለምዘርፍ ናት።"

ሄደች ወደ ያለምዘርፍ። "ሞክሪልኝ፤ ዳምጠው አልለቅም አለ፣ ኮምፒውተሩ አልጠርግም አለ፣ ፍላሹ አልቀበልም አለ፣ ልጆቼ ፈተና አለባቸው!"

"በራሴ ዲስክማ አልሞክርም እቴ! ከጋሽ ወንድይፍራው አሮጌ ዲስክ አምጪልኝ።"

ጋሽ ወንድይፍራው ኮምፒውተር ጠጋኝ ናቸው። "ጋሼ፣ አንድ ዲስክ ይስጡኝ፤ ያለምዘርፍ አልሞክርም አለች፣ ዳምጠው አልለቅም አለ፣ ኮምፒውተሩ አልጠርግም አለ፣ ፍላሹ አልቀበልም አለ፣ ልጆቼ ፈተና አለባቸው!"

"አልሰጥም!" አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "እንዲህ ያለ ፕሮግራም በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጠየቀኝ። እንደ ልማዴ ሳላነብ 'እሺ' አልኩት። የሟች ባለቤቴን ድምፅ ጠረገብኝ፣ ልጄ። በሚገባኝ ቋንቋ ካላስጠነቀቀ ዲስኬን አይነካም።"

አንጀቷን በሉት። ለዳምጠው ደውላ "ማስጠንቀቂያውን በአማርኛ ጻፈው" አለችው።

"እኔ ከኮድ በቀር መጻፍ አልችልበትም" አለ። "የአማርኛ አስተማሪ ፈልጊልኝ።"

"እንዴ! እኔ ምንድን ነኝ ታዲያ?"

እዚያው የጋሼ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብላ ጻፈች፦ "ይጠንቀቁ! እዚህ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ አይመለስም። የሚሳሱለትን ነገር አስቀርተዋል?"

ጋሽ ወንድይፍራው ሁለቴ አነበቡትና ዲስኩን ሰጡ። ዳምጠው ጽሑፉን ፕሮግራሙ ውስጥ አስገባ። ያለምዘርፍ ሞከረች፣ ሁለት ስህተት አገኘች፣ እንደገና ሞከረች። ዳምጠው አርሞ ለቀቀ። ኮምፒውተሩ ሊጠርግ ተነሳ፤ ግን መጀመሪያ ጠየቃት፦ "የሚሳሱለትን ነገር አስቀርተዋል?"

"እሺ" ልትል የነበረች እጇ ቆመች። ለካ አምና የተመረቁት ተማሪዎቿ የዘፈኑላት መሰናበቻ እዚያው ፍላሽ ላይ ነበር! ቶሎ ወደ ኮምፒውተሩ ገለበጠችው፤ ከዚያ "እሺ" አለች።

ኮምፒውተሩ ጠረገ፣ ፍላሹ ተቀበለ፣ ልጆቹም ዓርብ ከሰዓት ማጫወቻ ላይ ሰክተው አዳመጡት። "ቲቸር፣ ይሰማል!" አሉ ስድስቱም።

እኔም ጨረስኩ። በሉ አሁንም "እሺ" በሉኝ፤ ብቻ አንብባችሁ!