ቀኑን የሸፈነው አውራ ጣት

አንድ ሰዓት ጠጋኝ ነበር። ስሙ ስንሻው ይባላል። ሱቁ ከሁለት ደንበኛ በላይ አያስቆምም፤ ሥራውን ግን ሰፈሩ ሁሉ ያምነዋል። ሰዓት ሲረከብ ቀኑን ይጽፋል፤ ሲያስረክብም ይጽፋል። «ማክሰኞ ይደርሳል» ካለ ማክሰኞ ይደርሳል። ቀን የሚያዛባ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የሚቀጥለውን ነገር የሠራው ዝርክርክ ሰው እንዳይመስላችሁ ነው።

ስንሻው ቦራ የሚባል፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት ያለው ቡናማ ውሻ ነበረው። ስለ ቦራ ሲል በቴሌግራም ወደተከፈተ የውሻ ባለቤቶች ቡድን ገባ። በቡድኑ ውስጥ አራት ሺህ ያህል ሰው አለ። ውሻ የጠፋበት ሰው ፎቶ ይለጥፋል፤ ያየ ሰው ሰፈሩን ይጠቁመዋል። ቡችላው አልበላ ያለው ይጠይቃል፤ የሚያውቅ ይመልስለታል። ለበጎ የተጀመረ ቡድን ነበር።

ቡድኑ አንድ ልማድ ነበረው። እያንዳንዱ አባል በየዓመቱ የውሻውን የክትባት ካርድ ፎቶ አንሥቶ ይለጥፋል። ያልለጠፈውን ወይም ቀኑ ያለፈበትን ሰው ስም አስተዳዳሪው «ግዴለሾች» በሚል ርዕስ ሥር ጽፎ ከገጹ አናት ላይ ይሰቅለዋል። አስተዳዳሪው ክፉ ሰው አልነበረም። የእብድ ውሻ በሽታ አንድ ቤት ገብቶ ያደረገውን በዓይኑ አይቷል፤ ዝርዝሩንም የጀመረው ከዚያ ፍርሃት ተነሥቶ ነው። ነገር ግን ስም በተሰቀለ ቁጥር ከሥሩ ሰው ይሰበሰባል። የተሰበሰበው ሰው ደግሞ ባዶ እጁን አይመጣም።

አንድ ቀን እልፍነሽ የምትባል ዳቦ ጋጋሪ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ወገኖቼ፣ ታምሜ ተኝቼ ስለነበር የውሻዬ ክትባት ሁለት ወር አልፎታል። ከመጀመሪያ ነው የሚጀመረው ወይስ ካቆመበት ይቀጥላል?»

ለጥያቄዋ የአንድ መስመር መልስ ይበቃት ነበር። የደረሷት መልሶች ግን ሁለት መቶ አሥራ አራት ናቸው።

«ከውሻው በፊት አንቺን ነበር ማሰር!»

«ሊጡንስ የምታቦኪው በዚሁ ግዴለሽነት ነው? ዳቦ ቤትሽን ንገሪንና እንጠንቀቅ!»

«እመቤቴ፣ ውሻውን ተዪና ዶሮ አርቢ። ዶሮ አይናከስም።»

ስንሻው ምንም አልጻፈም። በዶሮው ቀልድ ግን ፈገግ አለና አንዲት የሳቅ ምልክት አስቀመጠ። አንዲት ብቻ። እልፍነሽ ከዚያ ቀን ወዲህ በቡድኑ ውስጥ ቃል አልተነፈሰችም። ጥያቄዋም ሳይመለስ ቀረ።

ጊዜው ሄደ፤ የቦራም የክትባት ቀን ደረሰ። ስንሻው ያን ሰሞን ሥራ በዝቶበት ነበር። «ሰኞ እወስደዋለሁ» አለ። ሰኞ ወደ ሐሙስ ዞረ፤ ሐሙስም ወደሚቀጥለው ወር። ከዚያ ከአስተዳዳሪው መልእክት መጣ፦ «አቶ ስንሻው፣ የቦራን ካርድ አላየነውም። እስከ ነገ እንጠብቃለን።»

«ትንሽ ዘግይቻለሁ» ብሎ ጻፈ። አጠፋው። «በዚህ ሳምንት አስከትበዋለሁ» ብሎ ጻፈ። ይህንንም አጠፋው። የዳቦ ጋጋሪዋ ነገር ትዝ አለው። ተነሣና የቆየውን ካርድ አወጣ፤ በግራ እጁ ያዘው፤ «የሚቀጥለው ክትባት» ከሚለው አጠገብ በተጻፈው ቀን ላይ አውራ ጣቱን አሳረፈ፤ ፎቶውን አነሣና ለጠፈ። ማንም ምንም አላለም። ስልሳ ሰው የልብ ምልክት ሰጠው።

ከሦስት ወር በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቦራ ጎረቤቱን ነከሰ።

ጎረቤቱ ጋሽ ይርጋ ይባላሉ፤ በየቤቱ እየዞሩ የመብራት ቆጣሪ ሲያነቡ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የተዋሱትን መሰላል ሊመልሱ ሲገቡ መሰላሉ ከበሩ ጋር ተጋጭቶ ጮኸ፤ ቦራ ደነገጠ፤ ዘሎም ባታቸውን ያዘ። ስንሻው ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ ያጥብላቸው ጀመር።

«ሠላሳ ዓመት በሰው ግቢ ስገባ ስወጣ ያልነካኝ ውሻ በጡረታዬ ነከሰኝ!» አሉ ጋሽ ይርጋ። «ለመሆኑ ተከትቧል?»

ስንሻው «ይቆዩ፣ ልጠይቅ» አለ። ምን እንደሚጠይቅ እሱም አላወቀም። እጁን ጠርጎ ስልኩን አነሣና ቡድኑ ውስጥ ጻፈ፦ «ቦራ ጎረቤቴን ነከሰብኝ። ምን ላድርግ?»

መልሱ ወዲያው ጎረፈ።

«አይዞህ ወንድማችን! ቦራን እናውቀዋለን!»

«ሰው መሰላል ተሸክሞ ሲገባ ውሻ ምን ያድርግ? ሻይ ያፍላለት?»

«ዋናው መከተቡ ነው። ይኸው ካርዱ!» አለ አንዱና ያንኑ ፎቶ፣ ከነአውራ ጣቱ፣ መልሶ ለጠፈው።

ጋሽ ይርጋ መነጽራቸውን አድርገው በስንሻው ትከሻ አሻግረው አነበቡ። ፊታቸው ፈታ አለ። «በቃ፣ አራት ሺህ ሰው መስክሮልሃል» አሉ።

«ለማንኛውም ጤና ጣቢያ ቢሄዱ... ይሻላል መሰለኝ።»

«የምን ጤና ጣቢያ! አጎቴ ሆዱን አሥራ ሰባት መርፌ ሲወጋ አይቻለሁ። ውሻህ ተወግቶ የለ? ከሁለታችን አንዳችን ከተወጋን ይበቃል» ብለው ሳቁና እያነከሱ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ስንሻው የሚያውቀውን ያውቃል። ሰው የነከሰ ውሻ አሥር ቀን ታስሮ ይጠበቃል። አሥሩን ቀን በጤና ከጨረሰ ሲነክስ በሽታው አልነበረበትም ማለት ነው። የተነከሰው ሰው ግን አሥሩን ቀን ተቀምጦ መጠበቅ የለበትም፤ በሽታው በሰው ላይ ምልክቱን ካሳየ መድኃኒት የለውምና። ቦራን ለብቻው አሰረውና ደብተር ከፈተለት። «ቅዳሜ፦ በላ፣ ጠጣ። እሑድ፦ በላ፣ ጠጣ።» ከአጥሩ ወዲያ ጋሽ ይርጋ ሲያስሉ በሰማ ቁጥር ደብተሩን እንደገና ይከፍት ነበር። ቡድኑ ደግሞ ልብ መላኩን አላቆመም። እያንዳንዱ ልብ ከስድብ በላይ ከበደው፤ የተላከው ለአውራ ጣቱ እንደሆነ ያውቃልና።

«ሰኞ ጠዋት፦ አልበላም።»

ይህን ከጻፈ በኋላ ስልኩን አነሣ። ከዚያ ለእልፍነሽ ጻፈላት። ከአራት ሺህ ሰው መካከል «ቀኑ አልፎብኛል» ብላ በግልጽ የጻፈች እሷ ብቻ ነበረች።

«ወይዘሮ እልፍነሽ፣ አያውቁኝም። ያኔ ከሳቁብዎት ሰዎች አንዱ ነኝ።»

«አንቱታውን ተወው» ብላ መለሰች። «ሳቅህንም አይቼዋለሁ፤ ከምልክቱ ጋር ስም አብሮ ይወጣል። ምን ገጥሞህ ነው?»

ሰፈሩን ጨምሮ ሁሉንም ነገራት። አልሰደበችውም። «አይዞህ» አላለችውም። ጠየቀችው እንጂ።

«ሰውየው ቁስላቸው ታጥቧል?»

«ታጥቧል።»

«መርፌ ጀምረዋል?»

«አልጀመሩም።»

«እውነቱን ያውቃሉ?»

ስንሻው ስለ ሥራው ብዛት፣ ስለ ሰኞና ሐሙስ፣ ስለ አስተዳዳሪው መልእክት በዝርዝር ጻፈ።

«ረዘመብኝ» አለች። «ያውቃሉ ወይስ አያውቁም?»

«አያውቁም።»

«ታዲያ እኔ ጋ ምን ትሠራለህ? የምትነግራቸው ሰው አጥር ማዶ ናቸው። ውሻውን አትነካካው፤ የእንስሳት ሐኪም ጥራለት። ሊጤ እስኪነሣ አንድ ሰዓት አለኝ፤ የሰፈርህ ጤና ጣቢያ በር ላይ እጠብቃችኋለሁ።»

ስንሻው ለሐኪሙ ደወለና ካርዱን ይዞ ወደ ጋሽ ይርጋ ሄደ። ካርዱን ሰጣቸው። እሳቸውም ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው አዩት።

«ይኸ እኮ ካለፈ አራት ወሩ ነው። ፎቶው ላይ ለምን አላየሁትም?»

ስንሻው አውራ ጣቱን አሳያቸው። ጋሽ ይርጋ ጣቱን አዩት። ቀስ ብለው ተቀመጡና እጃቸውን ባታቸው ላይ አደረጉ።

«እኔን ፈርተህ ነው?»

«እርስዎን አይደለም ጋሽ ይርጋ። እነሱን ነው።»

«እነሱን! መንገድ ላይ ቢያልፉህ የማታውቃቸውን ሰዎች! እኔኮ ጥርስህን ስትነቅል አውቅሃለሁ።» በጣታቸው ወደ በሩ አሳዩት። «ውጣ ከፊቴ!» በሩ ላይ ሲደርስ ግን መልሰው ጠሩት። «ቁም። ኮቴን አቀብለኝና ምራኝ። መርፌው ሆድ ላይ ከሆነ ግን አንተም ትወጋታለህ!»

እልፍነሽ ክንዷ ዱቄት እንደለበሰ ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆማ ነበር። የጋሽ ይርጋን እጅ ይዛ አስገባቻቸው። ነርሷ ስለ ሆዱ ስትሰማ ሳቀች፤ «እሱ ድሮ ቀረ አባቴ፤ አሁን ክንድ ላይ ነው» አለች። ቀጥላ የንክሻውን ቀን ስትጽፍ ሳቋ ጠፋ። «ቅዳሜ ነበር መምጣት የነበረብዎት። ሁለት ቀን ማን አስቆየዎት?» ጋሽ ይርጋ ስንሻውን አዩት። ከዚያም እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

ከሰዓት በኋላ ስንሻው ካርዱን እንደገና ፎቶ አነሣው። በዚህ ጊዜ ካርዱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ ሳይነካው ነው። ከሥሩም ጻፈ፦ «የቦራ ክትባት ካለፈ አራት ወር ሆኖታል። ቀኑን በአውራ ጣቴ ሸፍኜው ነበር። ጋሽ ይርጋ ዛሬ መርፌ ጀምረዋል።»

ልብ ሲሰጡት የነበሩት ሰዎች ናቸው ቀድመው የመጡት። «ነፍሰ ገዳይ!» «ሰዓት ይጠግናል፤ ቀን መቁጠር ግን አያውቅም!» አስተዳዳሪው ስሙን ከዝርዝሩ አናት ላይ ሰቀለው። ስንሻው መቶ ሠላሳ ያህሉን አንብቦ ስልኩን ሊዘጋ ሲል አንድ የግል መልእክት ገባ፦ «ወንድሜ፣ የኔም አልፎበታል። የት ላስከትበው?» ቀጥሎ ሌላ። እስከ ማግሥቱ አሥራ አንድ ደረሱ።

ስንሻው አንድ ነገር ጠረጠረ። የሥራ ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አድርጎ ወደ ኋላ ተመለሰና በቡድኑ ውስጥ መጨረሻ የተለጠፉትን አርባ ካርዶች አንድ በአንድ አያቸው። በአንዱ ላይ አውራ ጣት አለ። በአንዱ ላይ ቁልፍ ተቀምጧል። በአንዱ ላይ የውሻ መዳፍ አርፎበታል፤ «እንዴት ያምራል!» ተብሎለታል። በአንዱ ላይ የመስኮት ብርሃን ቀኑን አንጸባርቆ አጥፍቶታል። በአሥራ ሰባቱ ላይ ቀኑ አይታይም። የተሳሳተ መስሎት እንደገና ቆጠረ። አሥራ ሰባት ናቸው። እነዚህን ፎቶዎች ሲለጠፉ አይቷቸው ነበር፤ ለብዙዎቹም ልብ ሰጥቷል።

የማንንም ስም ሳይጠራ ቁጥሩን ብቻ ለአስተዳዳሪው ላከለት፦ «ከመጨረሻዎቹ አርባ ካርዶች በአሥራ ሰባቱ ላይ ቀኑ አይታይም።» በሦስተኛው ቀን ዝርዝሩ ከገጹ አናት ላይ ወረደ፤ በቦታውም ይህ ተጻፈ፦ «በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት የእንስሳት ሐኪም ይኖራል። ካርድ አይጠየቅም። ፎቶ አይነሣም።»

ቦራን ሐኪሙ አየው፤ የበሽታ ምልክት አላገኘበትም። ማክሰኞ ትንሽ በላ፤ ረቡዕ ሳህኑን ላሰ። ስንሻው ግን ደብተሩን የዘጋው አሥሩ ቀን ከሞላ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ የበላው ምግብ ጣዕሙ ምን እንደነበር ቢጠየቅ መናገር አይችልም። ጋሽ ይርጋም በቀጠሯቸው ቀን ሁሉ ክንዳቸውን እየሰጡ መርፌውን ጨረሱ። መሰላል መዋስ ግን አቆሙ።

አስተዳዳሪው በጠራው ቅዳሜ አርባ ሦስት ውሾች መጡ። የዶሮውን ቀልድ የጻፈው ሰውም ውሻውን በገመድ ይዞ መጥቶ ነበር፤ ውሻው ሦስት ዓመት ሙሉ አልተከተበም። እልፍነሽ አየችውና «እኔ ደግሞ ዶሮ ይዘህ የምትመጣ መስሎኝ!» አለችው። ሰውየው አንገቱን ሲደፋ፣ ተራው ከየት እንደሚጀምር አሳየችው።

ቦራ ጤነኛ ሆኖ መገኘቱ ዕድል ነው። በዕድል መዳንን እንደ ጥበብ መቁጠር አይገባም። ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው ይህ ይመስለኛል፦ ስሕተቱን የተናገረ ሰው በተሰደበበት ቦታ የሚቀጥለው ሰው ስሕተቱን አያርምም፤ ይሸፍነዋል። ሳይጠይቁ የሚሰጡት ድጋፍም የተሸፈነውን መልሶ ይሸፍነዋል። ዳቦ ጋጋሪዋ ሦስት ነገር ጠየቀች፤ ከዚያም ራሷ መጣች። የአንድ ሰው ሕይወት የተንጠለጠለው በዚያ ላይ ነበር።

እኛስ ዛሬ አንድ ሰው ካርዱን ቢያሳየን፣ ቀኑን በአውራ ጣቱ እንዲሸፍን የሚያደርገው ቀድመን የሳቅነው የትኛው ሳቅ ይሆን?