ከጃርት ደጅ የቆመው ባለ ቀይ ራስ ችካል

ስሙኝማ፤ አፋችሁን ግጠሙና ጆሯችሁን ስጡኝ። አውሬ ከተማ ሠርቶ በሚኖርበት፣ ድንጋይና እንጨት ሲጠይቋቸው በሚመልሱበት በዚያ በጥንቱ ዘመን፣ ጃርት የምትባል የአራት ልጆች እናት ነበረች። ቤቷ ከመንገዱ ዝቅ ያለ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ ሳያንኳኳ ሰተት ብሎ ይገባባታል።

«ዘንድሮስ አይገባብኝም!» አለችና ከደጇ ሥር ቱቦ ልትቀብር ተነሣች። ወዲያው ከተማው መንገዱን አፍርሶ እንደ አዲስ ሊሠራ ነው የሚል ወሬ ሰማች። ብልህ ናትና ወደ ሹሙ ወደ ጉሬዛ ሄደች። ጉሬዛ ነጭ ካባውን ደርቦ ወንበሩ ላይ ተንሰራፍቷል።

«አቶ ጉሬዛ፣ መቼ ነው የምትቆፍሩት? እናንተ ስትቆፍሩ እኔም ቱቦዬን ልቅበር። አንዴ ተቆፍሮ አንዴ ይደፈን።»

ጉሬዛ ካባውን አራገፈ። «እትዬ ጃርት፣ ደጅዎን እርስዎ ይሥሩ፤ መንገዱን ለእኛ ይተዉ።»

ስትመለስ ራሱን ቀይ የተቀባ ችካል ከደጇ ተተክሎ አገኘች። ማን ተከለው? ለምን ተከለው? የነገራት የለም። «ጎሽ፣ ማስጫ አገኘሁ» አለችና ነጠላዋን ሰቀለችበት።

ቱቦዋን ቀበረች። በሳምንቱ የከተማው ቆፋሪ ከርከሮ መጣና በክራንቻው ገጭ! ቱቦው እንክትክት አለ።

«ምን አደረግኩህ አንተ?»

«እኔን ምን ያድርጉኝ እትዬ፤ ቆፍር አሉኝ፣ ቆፈርኩ።»

ወደ ጉሬዛ ሄደች። ጉሬዛ ካባውን አራገፈ። «ደጅዎን እርስዎ ይሥሩ፤ መንገዱን ለእኛ ይተዉ።»

ሌላ ቱቦ ቀበረች፤ በላዩም የድንጋይ ደረጃ ደረደረች። ከርከሮ ተመልሶ መጣ።

«ደግሞ ምን ረስተህ ነው?»

«የውሃ መስመሩን ረስተን ነው፣ እትዬ።»

ገጭ! ደረጃው ተናደ፤ ቱቦው እንክትክት አለ። ወደ ጉሬዛ ሄደች። አሁንም ካባውን አራገፈ፤ አሁንም ያንኑ አላት። እሾኋ ቆመ፤ ግን ንዴቷን ዋጥ አድርጋ ተመለሰች።

ለሦስተኛ ጊዜ ቱቦውን ቀበረች፣ ደረጃውን ሠራች፣ ወደ ውጭ የሚከፈት ወፍራም የእንጨት በር ገጠመች። በሩን በልጆቿ ላይ ዘግታ ቀለብ ፍለጋ ወጣች። ስትመለስ መንገዱ በአንድ ክንድ ከፍ ብሏል። አፈርና ጠጠሩ የበሩን ግማሽ ውጦታል። ብትስበው፣ ብትስበው አልነቃነቅ አለ። ዝናቡም ጀመረ።

«እማዬ፣ ውሃው እየገባብን ነው!» አሉ ልጆቿ ከውስጥ።

ዞር ስትል ችካሉን አየችው። አካሉ ተቀብሮ ቀይ ራሱ ብቻ ከአዲሱ መንገድ እኩል ብቅ ብሏል።

«አንተ! ይሄ ቀይህ ምንድን ነው?»

«መንገዱ እዚህ ድረስ ከፍ ይላል ማለት ነው።»

«ይህን እያወቅህ ነው ከደጄ የተገተርከው?»

«ቁም አሉኝ እንጂ ተናገር አላሉኝም። ደግሞ እርስዎስ መች ጠየቁኝ? ነጠላ ሰቀሉብኝ እንጂ!»

ጃርት ወደ በሩ ዞረች። ጥፍሯን አሹላ፣ ነገ ሊመረቅ የተሰናዳውን መንገድ ትምሰው ጀመር። ጠጠሩ እየተፈናጠረ የችካሉን ራስ መታው። ጉሬዛ ከርከሮን አስከትሎ እየሮጠ መጣ።

«ኧረ በሕግ! የነገ ምረቃ መንገዴን!»

ጃርት አራቱን ልጆቿን አንድ በአንድ በጉድጓዱ ጎትታ አወጣች። ከዚያ እሾኋን አንድ ሳታስቀር አቁማ ፊቱ ቆመች።

«አቶ ጉሬዛ፣ መንገድዎን እርስዎ ይሥሩ፤ ደጄን ለእኔ ይተዉ!»

ከርከሮ ሳቁን መያዝ አቃተው። ጉሬዛ ካባውን ላራግፍ ቢል ዝናብ አበስብሶት ከገላው ተጣብቋል።

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አለ ዝቅ ብሎ።

«ያኔ የጠየቅኩህ ይሻላል፣ አንተ ካባ ብቻ!»

ዝናቡ ሲያባራ ችካሉ ከፍታውን ተናገረ፣ ከርከሮ ቆፈረ፣ ጃርት ቱቦዋን ቀበረች፣ ደረጃዋንም እስከ ቀዩ ድረስ ደረደረች፤ ከርከሮም ደፈነው። ግማሽ ቀን ፈጀ። ግማሽ ቀን! ሦስት ጊዜ ያስለቀሷት ለግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ደጅና መንገድ ጎን ለጎን የሚያድሩ ናቸው፤ ለአንዱ ሳይነግር ሌላውን የሚቆፍር ሁለቱንም ያፈርሳል። እኔ ተናግሬ ወጣልኝ፤ እናንተ ደግሞ ሂዱና ዶማ ለያዘው ሁሉ ንገሩልኝ።