ደብሪቱ የጠየቀችው ፍልሚያ

ተረት ተረት!

ንገሪን ከመሠረት!

እንግዲህ ቀረብ በሉ፣ ልጆቼ።

በድሮ ዘመን በአንድ ወንዝ ወዲህና ወዲያ፣ ላይ አምባና ታች አምባ የሚባሉ መንደሮች ነበሩ። በመካከላቸውም ለምለም መስክ ነበር። «መስኩ የእኛ ነው» እየተባባሉ በየክረምቱ በዱላ ይፋጁ ነበር። አንድ ክረምት የታች አምባው ጎበዝ አዝመራው ከኋላው ተመቶ ሞተ። ማን እንደመታውም አልታወቀ። እህቱ ደብሪቱ ቀበረችውና እንባዋን ሳትጠርግ ወደ ሽማግሌው ወደ አያ ጓንጉል ሄደች።

ደብሪቱ፦ አያ፣ ይኼ ግርግር ይብቃ። ፍልሚያ ይሁን!

አያ ጓንጉል፦ ልጄ፣ ፍልሚያ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ሁለት ሰው ወዶ፣ ቀን ቆርጦ፣ በሰው ፊት፣ እኩል መሣሪያ ይዞ ሲገጥም ነው። ከኋላ አይመታም። የወደቀ አይነካም። የተሸነፈም አይበቀልም።

ደብሪቱ፦ እሱኑ ነው የፈለግሁት።

ሁለቱም መንደሮች ተስማሙ። መስኩ ላሸነፈው ይሆናል ተባለ። ቀኑም ደረሰና ከላይ አምባ ዳምጠው ጋሻና ዱላ ይዞ ተነሣ። ሲቆም ዋርካ ያህላል። የታች አምባ ወንዶች መሬት መሬት አዩ። ከዚያም ደብሪቱ የወንድሟን ጋሻና ዱላ ይዛ ወጣች። አዝመራው ከልጅነቱ ጀምሮ ዱላ የሚለማመደው ከእሷ ጋር ነበርና።

ዳምጠው፦ ሴት ልትፋለመኝ?

አያ ጓንጉል፦ ወዳ መጥታለች። መሣሪያችሁም እኩል ነው። ግጠሙ!

ዳምጠው እያጓራ ሰነዘረ። እሷ ዘወር አለችና ዱላው መሬት መታ። ደግሞ ሰነዘረ። ደግሞ ዘወር አለች። እግሩን ጭቃ አዳለጠውና ተዘረረ።

«በይው! ለወንድምሽ ደም!» ብለው የታች አምባ ሰዎች ጮኹ።

ደብሪቱ ግን ዱላዋን ዝቅ አደረገች። ከዚያም ወደ ኋላዋ ተራመደች።

ደብሪቱ፦ ተነሥ። ዱላህን ያዝ።

ተነሣና ባለ በሌለ ኃይሉ መጣባት። በጋሻዋ መከተችና እጁን ጠረቀችው። ዱላው ተስፈንጥሮ ወንዝ ገባ። ዳምጠው ተንበረከከ። ታች አምባም በእልልታ ተናጋ!

የላይ አምባ ጎረምሶች ግን ዱላ ዱላቸውን አነሡ። ይኼኔ ዳምጠው ብድግ ብሎ ከደብሪቱ ጎን ቆመ።

ዳምጠው፦ ተፋልሜ ተሸንፌአለሁ! ስወድቅ አልመታችኝም። አሁን እሷን የሚነካ መጀመሪያ እኔን ይግጠም!

አንድ ባንድ ዱላቸውን ጣሉ። ታች አምባዎችም ደብሪቱን በትከሻቸው ተሸክመው፣ እየፎከሩ፣ ከብታቸውን እየነዱ መስኩ ገቡ። ከዚያ ወዲያ በዚያ ወንዝ ዳር በዱላ የተገደለ ሰው አልተቀበረም።

እኔም ተረቴን አደረስኩ፤ ጉሮሮዬ ግን ደረቀ። በሉ፣ ዳቦውን ቆርሳችሁ አጉርሱኝ!