ዝግባው ሥር

በእንጨት መሰንጠቂያ የከበሩት ግራዝማች ደምሰው የአገሩን ዛፍ ገንድሰው ጉድ የተባለለት ባለ ፎቅ ቤት ሠሩ። ሽማግሌዎች ለዳኝነት የሚቀመጡበትን ትልቁን ዝግባ እንኳ አልማሩትም፤ ቆርጠው የሳሎናቸውን ኮርኒስ አሠሩበት።

አንዲት ምላሰኛ መበለት "ድንበሬን ገፉብኝ" ብላ ሽማግሌ ብትልክባቸው ግራዝማች ሳቁ።

"እኔ እንደ ወጉ ዝግባው ሥር ካልሆነ ለዳኝነት አልቀርብም። ፈልጋ ትጥራኝ በሏት!" አሉ ለሽማግሌዎቹ።

በማግስቱ ሴትዮዋ ሽማግሌዎቹን አስከትላ መጣችና ሳሎናቸው መሀል አስቀመጠቻቸው።

ግራዝማች "ማን ግቡ አላችሁ?" ብለው በቁጣ ብድግ አሉ።

"በእግዜር፣ ይቀመጡ ጌታዬ!" አለች ወደ ኮርኒሱ እያሳየች። "ዝግባው ይኸው፤ እርስዎም ከሁላችን ቀድመው ቀርበዋል።"