ግንቡን የሠሩት ፊታውራሪ

የፊታውራሪ ወልደጻድቅ ግንብ ቤት ሙዚየም ሲሆን፣ ኃላፊ ሆነው የተሾሙት የልጅ ልጃቸው አቶ ምንውየለት ነበሩ። አንድ ቀን ከጎብኚዎች ጋር የገባች አንዲት ሸክላ ሠሪ ግድግዳውን በመዳፏ ዳበስ ስታደርግ አዩና ጮኹባት።

"እጅሽን አንሺ! ይህን ግንብ አያቴ በሦስት ዓመት በገዛ እጃቸው የሠሩት ነው። በይ አሁን ፎቶግራፋቸው ፊት ቆመሽ ይቅርታ ጠይቂ፤ አለዚያ ትወጫለሽ።"

ሴትዮዋ ፎቶግራፉ ፊት ቆማ እጅ ነሳች።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ ፊታውራሪ" አለች። "አያቴም አላወቁም። ሦስቱንም ዓመት እዚህ ድንጋይ ሲሸከሙ አንድም ቀን እንዳላዩዎት ይነግሩን ነበር። ለካ እርስዎ ወዲያኛውን ግድግዳ ይሠሩ ኖሯል።"